በ44 ዓመቴ «ጁኒየር» ተብዬ ስጀምር

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። የኮሜርስ ጓደኛችን አባቷ ሞተውባት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ንፍሮ እየዞረ ነው። አጠገቤ ያለችው የድሮ የክፍላችን ልጅ ጉልበቴን ነካ አድርጋ፣ «አንቺ፣ አሁን የት ነሽ?» አለችኝ።

«ጀሞ» አልኳት።

ሳቋን ዋጥ አደረገችው፤ ለቅሶ ነዋ። «ሰፈርሽን መቼ ጠየቅኩሽ? ሥራ የት ነሽ ማለቴ ነው።»

«ቤት ነኝ።»

«አይ ጥሩ ነው፤ ልጅ ማሳደግ ቀላል ነው እንዴ» አለችና ወደ ሌላዋ ዞረች። ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔን ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ነው። አንዷ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። አንዷ የእርዳታ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ናት፤ በዶላር ነው የሚከፈላት ይባላል። አንዱ የራሱን አስመጪ ድርጅት ከፍቷል። ፈተና ሲደርስ የእኔን ደብተር ይዋስ የነበረው እሱ ነው። ንፍሮዬን እያኘክሁ ዝም አልኩ።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2015 ነበር። ዕድሜዬ 43። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ወር ያህል ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ያንኮራፋል፣ እኔ ስልኬን ከፍቼ የሰው ፎቶ አያለሁ። ማን ማስተርሱን ጨረሰ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ናይሮቢ ለስብሰባ ሄደ። ይህንን የምጽፈው እንደ እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምትነቁ ነው። የሠራሁትን ስህተት አልደብቃችሁም፤ ገንዘቤንም ጊዜዬንም የበላው እሱ ነውና።

ታሪኬ አጭር ነው። በ1993 ከኮሜርስ በአካውንቲንግ በዲፕሎማ ተመረቅኩ። ያኔ የኮሜርስ ዲፕሎማ ክብር ነበረው። ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ገብቼ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። በ1995 ቫት ሲጀመር የድርጅቱን መዝገብ ከዜሮ ያደራጀሁት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሁለተኛው በ2002 ሲወለድ ግን ሠራተኛ ጠፋ፣ እማዬ ታመመች፣ «ለአንድ ዓመት ልቀመጥ» ብዬ ለቀቅኩ። አንድ ዓመቱ 13 ሆነ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳቁም አልቅሱም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ነው። እኔ በለቀቅኩ በዓመቱ! ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ በጡረታ መዝገብ ላይ አንድም ቀን የለኝም ማለት ነው።

ከለቅሶው በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ኮሌጅ መመዝገብ ነው። በሳምንቱ። አንድ የግል ኮሌጅ በማታ ዲግሪ ያስተምራል ተባልኩ፤ ከሰፈሬ አንድ ታክሲ ነው። ከዕቁብ የደረሰኝን 14,000 ብር ለምዝገባና ለመጀመሪያው ተርም ከፈልኩ። ሁለት ወር ተማርኩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አብራኝ የምትማር ልጅ «የዚህ ካምፓስ አካውንቲንግ እኮ ዕውቅና የለውም» አለችኝ። ዕውቅና ያለው የሌላው ካምፓሳቸው ነው ለካ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ በየካምፓሱና በየትምህርት ዘርፉ ነው። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማንም ሰው ሄዶ መጠየቅ ይችላል። እኔ አልጠየቅኩም። ለምን ብትሉኝ፣ የሄድኩት ለመማር አልነበረማ። በሚቀጥለው ለቅሶ «የት ነሽ?» ስባል «እየተማርኩ ነው» ለማለት ነበር። ለአንዲት መልስ 14,000 ብር ከፈልኩ።

ቀጥሎ ማመልከቻ መበተን ጀመርኩ። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸው አምስት የቴሌግራም ቻናሎች ውስጥ ገባሁ፤ እሁድ እሁድ ሪፖርተር ጋዜጣ ገዛሁ። በአራት ወር ውስጥ 41 ቦታ አመለከትኩ። የቆጠርኩት አካውንታንት ስለሆንኩ ነው። ከሁለቱ ብቻ ተደወለልኝ። ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ይላሉ፤ ሌሎቹ ዲግሪና አምስት ዓመት ቀጥተኛ የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ለምን ቦታ አመለክት እንደነበር ታውቃላችሁ? ለሲኒየር አካውንታንት። ለፋይናንስ ኃላፊ። ጓደኞቼ 20 ዓመት የወጡትን ደረጃ በአንድ ዝላይ ልደርስበት!

የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ እስክሞት አልረሳውም። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ያለው ሲቪዬን አገላበጠና «ከ2002 ወዲህ ምንም የለም። ምን ሲሠሩ ነበር?» አለኝ። አፌ ተሳሰረ። «ይቅርታ፣ ልጆች...» ብዬ ጀመርኩ። ይቅርታ ስል ራሴን ሰማሁት። ልጆቼን በማሳደጌ ሦስት የማላውቃቸውን ሰዎች ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው። ከዚያ ስለ አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ስለ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ጠየቁኝ። ስሙን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ። እሱን ያመጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ የወጣው በ2006 ነው፤ እኔ ያኔ ቤት ልጅ እያሳደግኩ ነበር። «ኤክሴል ይችላሉ?» አሉኝ። «እችላለሁ» አልኩ። ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው 20 ደቂቃ ሰጡኝ። የእኔ ኤክሴል የ2002 ኤክሴል ነው። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ማዘር፣ ሒሳብ!» አለኝ። እሱኮ ነው ያቃተኝ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማታ እራት ሳላቀርብ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ «ማን ነው እንዲህ ያስጨነቀሽ? እኔ ሥራ ግቢ ብዬሻለሁ?» አለኝ። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። «የጤፍ ዋጋ ታውቃለህ? የልጆቹ ትምህርት ቤት ለመስከረም ስንት እንደጨመረ ታውቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት። እስክጨርስ ጠበቀና «ስንት ነው የጎደለን?» አለ።

ዝም አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ ስጨነቅ ይህንን አልደመርኩም። የሌላውን ሰው ድርጅት መዝገብ ለዘጠኝ ዓመት በሳንቲም ስዘጋ የኖርኩ ሰው የራሴን ቤት ጉድለት አላውቀውም!

የልጄን ያለቀ ደብተር አመጣሁ። ያንን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ሁለታችን ቁጭ ብለን ገቢና ወጪውን ጻፍን። የጎደለን በወር 6,500 ብር ነው። ገረመኝ። ትንሽ ገንዘብ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለእኛ ትልቅ ነው። ግን ልክ አለው። እኔ የፈራሁት ነገር ልክ አልነበረውም።

ገጹን ገለበጥኩና ሌላ ጥያቄ ጻፍኩ። ነገ ሎተሪ ደርሶኝ ይህ 6,500 ብር በየወሩ ቢሞላ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃቴ ይቀራል? ለራሴ እውነቱን ነገርኳት፤ አይቀርም። የያዘኝ ጭንቀት ሁለት ነው። አንዱ የኪስ ነው፣ አንዱ የሰው ዐይን። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ላክም ስል ነው ዲግሪ የገዛሁት፣ ፋይናንስ ኃላፊ ካልሆንኩ ያልኩት። የኪሱን በቁጥር ማሳደድ ይቻላል። የሰው ዐይን ግን ቁጥር የለውም፤ ኃላፊ ስሆን ዳይሬክተር የሆነችውን አያለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የኪሱን ብቻ ልይዝ ወሰንኩ። የሌላው ይቆይ አልኩ። እስካሁን እየቆየ ነው፣ አልዋሻችሁም።

በዚያው ገጽ ሥር ሦስተኛ ስሌት አለ። 60 ሲቀነስ 43፣ 17። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ የሚሰጠው አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነው። እስከ 50 ዓመቴ የጡረታ መዋጮ የሚቆረጥበት ሥራ ካልያዝኩ ባቡሩ አመለጠኝ ማለት ነው። ይህ ያስፈራል። ግን 17ን ደግሜ አየሁት። እስከዚያ ቀን በሕይወቴ የሠራሁት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ወደፊት የምሠራው ካለፈው ሁለት እጥፍ ሊጠጋ ነው። እኔ ደግሞ አልቆልኛል ብዬ ነበር። የዚያን ሌሊት ተኛሁ።

ሥራው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። በመስከረም ዕቁብ ስንጥል አንዷ ዕቁብተኛ ባሏን ታማርራለች። ሰውየው የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው። የዓመቱን ሒሳብ የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 እየቀረበ ነው፣ ወረቀቱ ግን በፌስታል ነው ያለው። ሒሳብ የሚሠራለት ባለሙያ «መጀመሪያ አስተካክለህ አምጣው» ብሎ መልሶታል። «እስቲ አምጪው» አልኳት። ሦስት ፌስታል ሙሉ መጣ።

11 ቀን ሳሎኔ ወለል ላይ ተንበርክኬ ደረሰኝ ለየሁ። በወር በወር፣ ግዢና ሽያጭ፣ የባንክ ወረቀት ለብቻ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቀኑን ታነብልኛለች። የባንኩን ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር ሳስታርቅ እጄ ራሱ አስታወሰ። ከ13 ዓመት በኋላ! ብስክሌት የለመደ ሰው እንደሚባለው ነው። ያገኘሁት ነገር ግን ያሳዝናል። ሰውየው ዕቃ ሲገዛ ስሙንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አያስጽፍም። እንደዚያ ያለ ደረሰኝ ይዞ፣ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ለመንግሥት ከሚያስገባው ቫት ላይ ማቀናነስ አይችልም። ስንትና ስንት ሺህ ብር በየወሩ ለማንም ሳይጠቅም ቀርቷል። ያለፈውን ማዳን አልቻልኩም፤ ለወደፊቱ ግን የመለያ ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ስልኩ ጀርባ ላይ ለጠፍኩለት።

4,000 ብር ሰጠኝ። ከ13 ዓመት በኋላ በእጄ የገባ የመጀመሪያ የሥራ ገንዘብ። ምን ገዛሁበት መሰላችሁ? መነጽር። በእነዚያ 11 ቀናት ሦስቱን ስምንት፣ ስድስቱን ዜሮ እያነበብኩ «ጭንቅላቴ ዝጓል» እያልኩ ራሴን ስረግም ነበር። ዐይኔ ነው ለካ። ከ40 በላይ የሆናችሁ፣ «መማር አቃተኝ» ከማለታችሁ በፊት ዐይናችሁን ታዩ።

ይህ ሥራ የምችለውን አሳየኝ፣ የማልችለውንም ጭምር። ደረሰኝ አንብቤ ታሪኩን እነግራችኋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ግን ጨለማ ነኝ። ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የ26 ዓመት ልጅ አለች፤ አንድ ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ናት። ደረጃ ላይ ይዣት እንደምንም አፍሬ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ምን ችግር አለው፣ ቅዳሜ ይምጡ» አለች። ክፍያ አልቀበልም ስትል ምሳ ላብላሽ አልኳት። ተስማማን። ከኅዳር ጀምሮ 14 ቅዳሜ ተማርኩ። ዶሮ የሠራሁት አንዴ ብቻ ነው፤ የቀረው ሽሮና ምስር ነው፣ እሷም አላጉረመረመችም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አስቂኝ ነበር። እያንዳንዱን ቁልፍ ፈንጂ እንደሚነካ ሰው ነው የምነካው። «እትዬ፣ የሚፈነዳ ነገር የለውም፣ ይጫኑት» ትለኛለች። ተጫንኩና አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ ድርግም ብሎ ጠፋ። ጮህኩ። እሷ ሁለት ቁልፍ ነካች፣ ተመለሰ። ኮንትሮል ዜድ ይባላል። በዚያን ዕለት ሌላ ምንም ባልማር ይበቃኝ ነበር። ከዚያ ኤክሴል ላይ ፔይሮል (የደመወዝ ሒሳብ) መሥራት፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ፣ ግብር በኢንተርኔት ማሳወቅ እያልን ቀጠልን። እኔ የተውኩት ጊዜ ወረፋ ይዘን በወረቀት ነበር የምናሳውቀው።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ነገሩ ተገለባበጠ። የመሥሪያ ቤቷ የባንክ ሒሳብ አልታረቅ ብሏት ወረቀቱን ይዛ መጣች። ሶፍትዌሩ ልዩነት አለ ይላል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ ተካፈለ። «አንድ ቦታ ሁለት አኃዝ ቦታ ተለዋውጦ ተጽፏል» አልኳት። ፈልገን አገኘነው፤ 54 በ45 ቦታ ገብቶ። ይህንን የድሮ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሷ ግን ሰምታው አታውቅም። አፏን ይዛ «እትዬ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?» አለች። ያን ቀን ምሳው ለእኔም ጣፈጠኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እንደ እኔ የቆየ ሙያ ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላ አዲስ ሙያ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት የድሮው ላይ የጎደለው ምን እንደሆነ እዩ። እኔ መሀል ላይ የሦስት ወር ዲጂታል ማርኬቲንግ ልማር ብዬ ነበር፤ ሁሉም ሰው እሱን ሲል ሰምቼ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆኜ ልቀር ነበር። የጎደለኝ 14 ቅዳሜ ነው። የእናንተ 30 ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ይቆጠራል።

ቋሚ ሥራ ያገኘሁት በማስታወቂያ አይደለም። ባለ መደብሩ ብረት የሚያቀርብለት አንድ የበርና መስኮት ወርክሾፕ አለ። «አንዲት ሴትዮ አለች፣ ወረቀት ታስተካክላለች» ብሎ ነገራቸው። እንግዲህ ሲቪዬ እሱ ነው። ቦታው ጁኒየር አካውንታንት ነው። በዚህ ጊዜ «ከ2002 ወዲህስ?» ስባል «ሁለት ልጅ አሳደግኩ። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ የሁለት ሱቅ መዝገብ አደራጅቻለሁ፤ ይኸው» ብዬ ሁለት ፋይል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ልጆቹ ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም። ፋይሉን እያገላበጡ ነበር።

በሚያዝያ 2016 ጀመርኩ። 44 ዓመቴ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው 29 ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ችግራችን ሒሳብ አልነበረም። እሱን አንተ ልበለው ወይስ እርስዎ? አለቃዬ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከእሱ ይበልጣል። እርስዎ አልኩት። እሱም «እትዬ፣ እርስዎ...» ይለኛል። ሁለታችንም እርስዎ እየተባባልን በስብሰባ ላይ እንደ ሁለት ሽማግሌ ስናወራ የመጋዘኑ ልጅ ሳቀብን። በመጨረሻ አንተ ብዬው ተገላገልኩ። እሱ እትዬውን አልተወም። መጀመሪያ ጆሮዬን ይወጋኝ ነበር፤ «አርጅተሻል» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስሜ ሆኗል።

በሕጉ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። ቀን መቁጠሪያ ላይ እየሰረዝኩ ቆጠርኩ። በ37ኛው ቀን ጉድ ፈላ። ለአንድ አቅራቢ 38,400 ብር በኢንተርኔት ባንኪንግ እየላክሁ ሳለ ገጹ ተንቀራፈፈ። ያልሄደ መስሎኝ ደግሜ ተጫንኩት። ማታ ልወጣ ስል ሒሳቡን ሳይ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ቢሮው ውስጥ ከእኔና ከአለቃዬ በቀር ሰው የለም፤ እሱም ቦርሳውን እየያዘ ነው። ውስጤ «ነገ ጠዋት አቅራቢውን ደውለሽ በድብቅ አስመልሺው» ይለኛል። ኮንትሮል ዜድ የለውም ይሄ። ሄጄ ነገርኩት። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ቦርሳውን አስቀመጠና «አሁኑኑ ይደውሉላቸው፣ ነገ ደግሞ ደብዳቤ እንጽፋለን» አለ። በሁለተኛው ቀን ገንዘቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ክፍያ በሁለት ሰው ካልጸደቀ አይወጣም። 60ው ቀን ሲያልቅ «ያን ቀን ማታ ባይነግሩኝ ኖሮ እዚህ አይቆዩም ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ ያስቀረኝ ፔይሮሉ ላይ ያለኝ ፍጥነት መስሎኝ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ማንም ይህንን በግልጽ አይነግራችሁም። ደመወዜ 9,000 ብር ነበር። ያኔ በነበረው የግብር ሠንጠረዥ 1,745 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 630 ብር ጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ያዋጣል። እጄ ላይ 6,625 ብር ይደርሳል። ከዚያ ለታክሲ 1,100፣ ለተመላላሽ ሠራተኛ 2,000 ብር ይወጣል። የሚተርፈኝ 3,525 ብር ነው። ከ6,500ው ጉድለት ግማሹን ትንሽ አለፍ ይላል እንጂ አይሞላም። በመጀመሪያው ወር ይህንን ሳይ ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር። «ለ3,500 ብር ብዬ ነው ከልጆቼ የምለየው?» አልኩ። የሞላልኝ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ሦስት ሱቆች በወር 1,500፣ 1,500 ብር ይከፍሉኛል፤ እሑድ ከሰዓት ደረሰኛቸውን አደራጃለሁ። መዝገብ ብቻ ነው የማደራጀው፤ ኦዲት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው፣ አልነካውም። ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ። ተደምሮ 8,025 ብር ሆነ። ያንን ቀን ደብተሩን አውጥቼ 6,500ውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ቤቱስ? ቤቱ ተናግቷል። የመጀመሪያው ወር ወጥ ያላረረበት ሳምንት አልነበረም። አሁን እንጀራ ከሱቅ እንገዛለን። እማዬ መጥታ ስታየው «በእኔ ልጅ ቤት የሱቅ እንጀራ?» ብላ እንደ ነውር አየችኝ። ወንዱ ልጄ ፍርፍር ይሠራል፤ ጨው ያበዛል። ባለቤቴ ልብስ ያጥባል፣ ግን ሰፈር እንዳያየው ማታ ነው የሚያሰጣው። ይሁንለት።

የሰው ዐይኑ ጉዳይ አልጠፋም ብያችኋለሁ። ባለፈው ዓመት ያች የእርዳታ ድርጅቷ ጓደኛችን ቤት ገዛች ሲባል ሆዴ ቁርጥ አለ። በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቃሁ። ስልኬን ግን አልከፈትኩም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሜክሲኮ ታክሲ መያዝ አለብኝ፤ ለቅናት የሚሆን ሰዓት የለኝም ብዬ ተኛሁ።

ዲግሪውን ግን መልሼ ጀምሬዋለሁ። ከጁኒየር ለማለፍ ዲግሪ እንደሚያስፈልገኝ አለቃዬ በግልጽ ነገረኝ፤ ስንት እንደሚጨመርልኝም ነገረኝ። ቁጥር ስላለው ገባሁበት። በዚህኛው ግን ገንዘቤን ከመክፈሌ በፊት የካምፓሱን ስምና የትምህርት ዘርፉን ጽፌ ባለሥልጣኑ ጋ ሄጄ አረጋገጥኩ። የድሮ ዲፕሎማዬንም እንዴት እንደሚይዙልኝ በጽሑፍ አስደረግኩ። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለም፤ ከ50 በታች ያመጣ አያልፍም። እፈራዋለሁ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ቤታችን ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው። ማታ ማታ እሷ በአንዱ ጫፍ ፊዚክስ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ኮስት አካውንቲንግ ይዘን እንቀመጣለን። አምፖሉ ወደ እሷ ያደላል፤ ጠረጴዛውን ወደ እኔ እየሳብኩ፣ እሷ እየመለሰችው ስንጣላ ከረምን። ባለፈው ሐሙስ ባለቤቴ ከጋራዥ ሽቦና አምፖል ይዞ መጥቶ ምንም ሳይናገር ሁለተኛ መብራት ሰቀለልን። የእኔው ከእሷው ይደምቃል። እስካሁን አላስተዋለችም።